ያልተመረመረ ደም

ማስተዋል ገብረወልድ በካርድ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ትልቁ የብረት መደርደሪያ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ ተደርድረውበት የነበሩት የታካሚ ካርዶች ክፍሉን ሞልተውታል። ዓይኖቹ አልተከደኑም። የግራ እግሩ ጫማ ወልቆ ከጠረጴዛው ሥር ገብቷል።

ኢንስፔክተር ሀጀራ ሰማን በሩ ላይ ቆማ ለደቂቃዎች አልገባችም። ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ከተዛወረች ሁለት ዓመቷ ነው። ብዙ አትናገርም፤ ፊቷ ላይም የሚነበብ ነገር የለም። በዚህ ምክንያት ሰዎች ዝምታዋን ለመሙላት ሲሉ ያላሰቡትን ይነግሯታል።

«ማን አገኘው?» አለች።

«እኔ» አለ ኢስሀቅ። የዋቤ በር ጤና ጣቢያ የመረጃ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት። ከንፈሩ ደርቋል። «ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ እንሂድ ልለው መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ወላሂ አልነካሁትም፣ ኢንስፔክተር።»

«ነካህ ያለህ ሰው አለ?»

«የለም። ግን መባሉ አይቀርም። ሰኞ ስንጨቃጨቅ ሁሉም ሰምቷል።»

ሀጀራ ጓንቷን አጥልቃ ገባች። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ አምፖሉ ከተቃጠለ ወር አልፎታል። ማስተዋል የሚሠራው በመስኮቱ ብርሃን እንደነበር ከወንበሩ አቀማመጥ ታወቃት። ጎንበስ ብላ የሟቹን ራስ ቀና አደረገች። ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው። ከራሱ ሥር ደግሞ አራት ካርዶች ተነጥፈዋል።

ካርዶቹን ደጋግማ አየቻቸው።

ጠረጴዛው ላይ የሟቹ ላፕቶፕ ስክሪኑ ደቅቆ ተቀምጧል። መደርደሪያው ሲወድቅ ጫፉ መትቶት ኖሯል፤ አጠገቡ የነበረውን የማኅተም ቀለምም ገልብጦታል። ወይን ጠጅ ቀለሙ ተገልጦ በነበረው ማስታወሻ ደብተር ላይ ተረጭቶ የግራውን ገጽ አበላሽቷል። በቀኝ በኩል አንድ ገጽ ተቀድዷል። ከተቀደደው ቀጥሎ ያለው ገጽ ግን ነጭ ነው፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አላረፈበትም።

«በሩን የምትደግፉት በምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች፣ ቀና ሳትል።

«በድንጋይ» አለ ኢስሀቅ። ዞር ብሎ ወለሉን አየ። «የለም እንዴ?»

ድንጋዩን አንድ ፖሊስ ከመስኮቱ ውጪ፣ ከጣሪያው ጠብታ ሥር አገኘው። የጠዋቱ ዝናብ አጥቦታል። እንዲያም ሆኖ አንደኛው ጎኑ ላይ በስንጥቁ ውስጥ ሁለት ጥቁር ፀጉር ተይዞ ቀርቷል።

ማስተዋል ከአዲስ አበባ የተላከ ባለሙያ ነበር። ሥራው ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ግን አድካሚ ነው። በዞኑ ከተሞች ስለ ኤችአይቪ ታካሚዎች የሚያዘው መረጃ የተበታተነ ነው፤ ነርሷ የራሷ መዝገብ አላት፣ ላቦራቶሪው የራሱ፣ የመድኃኒት መጋዘኑም የራሱ። ወልቂጤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቡታጅራ ቢመጣ የሚያውቀው የለም። ማስተዋል እነዚህን ሁሉ ፈትሾ በአንድ ሥርዓት ማያያዝ ይቻል እንደሆነ ሊያይ ነበር የመጣው።

ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ከተማው ገብቷል። «የሁሉም ስም ኮምፒውተር ላይ ሊወጣ ነው» ተባለ። ገበያ ላይ ተባለ፤ ባጃጅ ውስጥ ተባለ። በዚያ ረቡዕ ጠዋት ቀጠሮ ከነበራቸው ሠላሳ አንድ ታካሚዎች ውስጥ የመጡት ሰባት ብቻ ነበሩ። አስከሬኑ ሲገኝ ከሰባቱም አንድ አልቀረም፤ ሁሉም ፊታቸውን ሸፍነው በጓሮ በር ወጡ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ለስብሰባ ከከተማ ወጥቷል። ዝናቡ በጠዋቱ ሲወርድ በቢሮዎቹ የነበሩት አራት ሠራተኞች ናቸው፤ ሀጀራ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ የገባችው ሲስተር ዘርፈሽዋል ነች። የታካሚዎቹ ነርስ ከሆነች ሃያ ዓመት አልፏታል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ሰዓት ላይ አየሽው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጥበቃው ካርድ ክፍሉን ሲከፍትለት። ከዚያ ዝናቡ መጣ። የቆርቆሮው ጩኸት ሰው ከሰው አያሰማም። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ እየመዘንኩላት ሳለ መብራት ጠፋ፤ በስልኬ መብራት ነው የጨረስኩት። እናትየዋን ጠይቋት... አይ፣ እባክሽ ቤቷ ፖሊስ አይሂድባት። ጎረቤት ያያል።»

«አንሄድም» አለች ሀጀራ። «ማስተዋልን የሆነ ነገር አስጨንቆት ነበር?»

ዘርፈሽዋል ጣቶቿን አቆላለፈች። «ማክሰኞ የፈቲሀን ካርድ አውጪልኝ አለኝ።»

«ፈቲሀ ማን ናት?»

«እዚህ አጠገብ ካለችው ከቆሼ ከተማ የምትመጣ ልጅ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመቷ። ቫይረሱን ከእናቷ ሆድ ነው ይዛው የመጣችው። በሰኔ ሞተችብኝ።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ውጤቷ ሁልጊዜ 'ቫይረሱ አልታየም' ነበር የሚለው። እየከሳች ስትመጣ መድኃኒቷ እየሠራ ነው፣ ሌላ ነገር ነው ብዬ ቆየሁ። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ መድኃኒቷን እቀይርላት ነበር። አያቷን ልጅቷን በደንብ አታበሉም ብዬ ተቆጣኋት። ማስተዋል ካርዱን አይቶ ምንም አላለኝም። ብቻ ፊቱ ተለወጠ።»

ኢስሀቅ ሁለተኛ ገባ።

«መረጃው ከተያያዘ የአንተ ሥራ ይቀር ነበር?» አለችው።

«እንደዚያ መስሎኝ ነው የተጨቃጨቅኩት። እሱ ግን ሳቀብኝ። 'አንተ ባትኖር ማን ያርመዋል' አለኝ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ዛሬ ጠዋት ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት ሄደና ያላስቀመጥኩት ሁሉ ጠፋ። ጄኔሬተሩ ከሰኔ ጀምሮ ተበላሽቷል። ተናድጄ በረንዳ ወጣሁ፤ አራት ሰዓት ከአሥር መብራት እስኪመጣ ከጥበቃው ጋር ዝናብ ስናይ ነበርን።»

«የትኛውም ክፍል መጠባበቂያ ባትሪ የለውም?»

«የላቦራቶሪው ነበረ። እሱም ሞቶ ለጥገና ከሄደ ወሩ ነው።»

ጥበቃው ያንኑ አረጋገጠ።

ሦስተኛዋ የመድኃኒት ባለሙያዋ ሰልሚያ ነች። ሠላሳ ዓመቷ ሲሆን ባሏ የሞተባት ሴት ናት። መጋዘኑም በእጇ ነው።

«ዝናቡ ሲጥል የት ነበርሽ?»

«መጋዘን። መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣው ደወል ጮኸ። እስኪመለስ ድረስ በየአሥር ደቂቃው ሙቀቱን እየመዘገብኩ ነበር። ይኸው ወረቀቱ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ምንም።»

ሀጀራ እጆቿን አየች። ሰልሚያ በጓንት ላይ ጓንት ደርባ ነበር። «ብርድ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሰልሚያ እጆቿን ከጀርባዋ ሸሸገች። ኢንስፔክተሯ ግን ያን ሰዓት አልገፋችባትም።

በመጨረሻ የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ወልደአማኑኤል ገቡ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። በጤና ጣቢያው ጋሽ ወልደአማኑኤል ሳይል የሚጠራቸው የለም። ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ሦስት የምስጋና ወረቀት ተሰቅሏል፤ ላቦራቶሪያቸው በዞኑ ውጤት በሰዓቱ በማድረስ አንደኛ ነው።

«ያሳዝናል» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። «ያ መደርደሪያ ይወድቃል ብለን ስንት ጊዜ አመለከትን መሰለሽ፣ ልጄ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከመሣሪያዬ አጠገብ። የቫይረስ መጠን ምርመራ አንዴ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ትቼው አልሄድም።» መዝገባቸውን ገልጠው በጣታቸው አሳዩአት። ጽሑፋቸው ያማረ ነው። አራት ናሙና፤ ሦስት ሰዓት ከአምስት ገባ፤ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ወጣ። ውጤት፦ አራቱም ቫይረሱ አልታየም።

«ሥራው ላይ እንቅፋት አልገጠመዎትም?»

«ምንም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ነበር።»

ሀጀራ አመስግና መዝገቡን ተረከበች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ መጋዘኑ ሄደች። በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ሰልሚያ ከካርቶኖቹ መሐል ቆማ ነበር፤ ፖሊሷን ስታይ ወደ ግድግዳው ተለጠፈች።

«ጓንትሽን አውልቂ፣ እህቴ» አለች ሀጀራ በቀስታ።

ሰልሚያ አወለቀች። የቀኝ እጇ ጣቶች ታጥበው ታጥበው ቀልተዋል። በጥፍሮቿ ሥር ግን ወይን ጠጅ ቀለም ቀርቷል።

«ገጹን የቀደድሽው አንቺ ነሽ። የገደልሽው ግን አይመስለኝም። ንገሪኝ።»

ወጣቷ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። እየቆራረጠች ነገረቻት። ባሏ ከመሞቱ በፊት እሱም እሷም ተመርምረው ቫይረሱ ተገኝቶባቸው ነበር። ቡታጅራ ውስጥ፣ ያውም ራሷ በምትሠራበት ቤት፣ መድኃኒት መጀመር ሞት መሰላት። ወልቂጤ ሄዳ በዛህራ ስም ተመዘገበች። ስድስት ዓመት ሙሉ ለአክስቴ ለቅሶ፣ ለእህቴ ሰርግ እያለች ተመላልሳለች። እናቷም አታውቅም።

«ስልክ ቁጥሬን ግን ለሁለቱም ቦታ አንድ አድርጌ ሰጥቻለሁ» አለች። «ማስተዋል የወልቂጤን ዝርዝር ከእኛ ሠራተኞች ዝርዝር ጋር ሲያያይዝ ደረሰበት። ማክሰኞ ማታ ደውሎ 'አትደንግጪ፤ ሥርዓቱ የሚይዘው የምስጢር ቁጥር እንጂ ስም አይደለም፤ ነገ የሚደጋገሙትን ቁጥሮች ጽፌ አንቺን አስወጣሻለሁ' አለኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዝናቡ ሲያባራ፣ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሲሰርዘው በዓይኔ ልይ ብዬ ሄድኩ።»

«እና?»

«እንዳየሽው ነበር። መጮህ ነበረብኝ። ሰው መጥራት ነበረብኝ። እኔ ግን ያየሁት ስሜን ነው። ደብተሩ ላይ ስሜና ዛህራ የሚለው ጎን ለጎን ተጽፏል። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር።» ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ሰው ሞቶ ተኝቶ ስለ ራሴ አሰብኩ፣ ኢንስፔክተር።»

ከጡቷ ሥር አጥፋ የደበቀችውን ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። በራስጌው «ረቡዕ ጠዋት» ተብሎ ተጽፏል፤ ወይን ጠጅ ቀለም ግማሹን ሸፍኖታል። ሀጀራ አንብባ ወደ ፖስታ ከተተችው።

«ይህን ሁሉም ይሰማዋል?» አለች ሰልሚያ።

ሀጀራ ፖስታውን አሸገች። ቃል ሰጥታ ማጠፍ አትወድም። «ያለ አንቺ ምስክርነት ገዳዩን ለማግኘት እሞክራለሁ» አለች። «አሁን የላቦራቶሪ ዕቃ የወጣበትን የመጋዘን ካርድ አሳይኝ።»

በማግስቱ ወልቂጤ ሄደች። ማስተዋል በየማታው ሥራውን እዚያ ወዳለው የዞኑ ጤና ቢሮ ይልክ ኖሯል፤ ናጃህ የሚባለው የቢሮው ባለሙያ የማክሰኞውን ፋይል ከፈተላት። ሀጀራ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጣ አስከሬን ፊት ያልተሰማት ፍርሃት ተሰማት። የሁለት ሺህ ሰዎች ስም ነው። የምታውቃቸው ጎረቤቶች፣ አንድ የሰፈሯ ባለሱቅ፣ አብራት የተማረች አንዲት ሴት። ዓይኗን ከስሞቹ ላይ አንስታ ቀኖቹ ላይ ብቻ አደረገች። ማስተዋልም ቀኖቹን ነበር በቀይ ያሰመረባቸው።

ዓርብ ጠዋት አራቱም ሠራተኞች በስልጠና አዳራሹ ተሰበሰቡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ሰልሚያ ከሁሉም ርቃ በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይኗን ከኢንስፔክተሯ አፍ ላይ አልነቀለችም። ስሟ የሚጠራበትን ሰከንድ እየጠበቀች ነበር።

«ማስተዋልን መደርደሪያ አልገደለውም» ስትል ጀመረች ሀጀራ። «መደርደሪያው ከፊት ነው የወደቀው፤ ቁስሉ ከኋላ ነው። ከራሱ ሥርም ካርዶች ነበሩ። መደርደሪያው ሙሉ ሆኖ ለአንድ ሰው አይገለበጥም። ገዳዩ በበሩ ድንጋይ መታው፤ ከዚያ መደርደሪያውን ለማቅለል ካርዶች አወረደ፤ ሟቹን በላያቸው አንጋሎ መደርደሪያውን ጎተተበት። ጩኸቱን ዝናቡ ዋጠው። ስለዚህ የሆነው ዝናቡ በወረደባት አንድ ሰዓት ውስጥ ነው።»

«ሁለተኛ፣ ከማስታወሻው ላይ አንድ ገጽ ተቀድዷል። ሁላችሁም ስለዚህ ስታወሩ ሰምቻለሁ። የማኅተሙ ቀለም የተገለበጠው መደርደሪያው ሲወድቅ ነው። ገጹ ከዚያ በፊት ተቀድዶ ቢሆን ቀለሙ ሥሩ ያለው ገጽ ላይ ይረጭ ነበር። እሱ ግን ንጹሕ ነው። ገጹን የወሰደው ሰው የገባው ከግድያው በኋላ ነው፤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገዳይ አይደለም። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።»

ሰልሚያ አየር ሳበች። ዘርፈሽዋል ዞር ብላ አየቻትና መልሳ ፊቷን አዞረች።

«ታዲያ ለምን ተገደለ?» ሲል ጠየቀ ኢስሀቅ።

«ሦስት መዝገቦችን ጎን ለጎን ስላስቀመጠ። እስከዚያ ድረስ ማንም ጎን ለጎን አላያቸውም።» ሀጀራ ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «የመጋዘኑ ካርድ እንደሚለው ለቫይረስ መጠን ምርመራ የሚያስፈልገው፣ ካርትሪጅ የሚባለው የመመርመሪያ ዕቃ ከኅዳር ወዲህ ለላቦራቶሪው የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በድምሩ ለአርባ ሰው። በዚያው ጊዜ ላቦራቶሪው ውጤት ያወጣላቸው ሰዎች ግን ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው። በሲስተር ዘርፈሽዋል መዝገብ ደግሞ ደም ገና ሳይቀዳ ውጤታቸው የወጣ ዘጠኝ ሰዎች አሉ።»

ኢስሀቅ ወደ ወረቀቶቹ ጎንበስ አለ።

«ያልተመረመረ ደም ነው» አለች ሀጀራ። «ውጤቱ በእስክሪብቶ ነው የተሠራው። ከወልቂጤ የተላኩትም ናሙናዎች እዚያው ውስጥ አሉ።»

ሰልሚያ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ወልቂጤ የሰጠችው ደም ለምርመራ ወደ ቡታጅራ እንደሚላክ ታውቃለች፤ ከሦስት ወር በፊት «ቫይረሱ አልታየም» የተባለችበት ወረቀት አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ከመነሳትም ከመጮህም ራሷን ከለከለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያን ዓይነት ፍርሃት የደረሰባት እሷ ብቻ ነበረች፤ ለማንም መናገር አትችልም።

«ፈቲሀስ?» አለች ዘርፈሽዋል። ቃሉ በግድ ነው የወጣው።

«የፈቲሀ የመጨረሻ ሁለት ውጤቶች ካርትሪጅ ባልነበረባቸው ወራት የተጻፉ ናቸው።»

ነርሷ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ አቶ ወልደአማኑኤል ዞረች። «ጋሽዬ?»

እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ። «የጽሕፈት ስህተት ሊኖር ይችላል» አሉ። «ሰው አልገደልኩም። ረቡዕ ዕለት ከመሣሪያዬ አልተነሣሁም፤ መዝገቤ እጅሽ ላይ ነው።»

«እጄ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ከአምስት ጀምሮ እስከ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሳይቋረጥ።» ሀጀራ መዝገቡን ከፈተችው። «ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ከሦስት ሰዓት ከሃያ እስከ አራት ሰዓት ከአሥር በግቢው መብራት አልነበረም። ሲስተር በስልክ መብራት ሕፃን መዘነች። የኢስሀቅ ኮምፒውተር ጠፋ። የሰልሚያ ማቀዝቀዣ ጮኸ። ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል፤ የእርስዎ መጠባበቂያ ባትሪም ጥገና ላይ ነው። መሣሪያዎ በምን ሠራ?»

አቶ ወልደአማኑኤል እጃቸውን ወደ መዝገቡ ዘረጉ፤ ሀጀራ ወደ ራሷ ሳበችው።

«በዚህ ግቢ መብራት መጥፋቱን ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ምክንያቱም የነበሩት አምፖሉ በተቃጠለበት ክፍል ውስጥ ነው። ሲመለሱ መብራት መጥቷል። ቁጭ ብለው እንደለመዱት አራት ውጤት ጻፉ፤ ይህኛው ለራስዎ ማምለጫ ነበር።»

ሽማግሌው ላብ አጠመቃቸው። ዓይናቸው በክፍሉ ዙሪያ ተንከራተተ፣ ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ቆመ።

«እኔን ብቻ ለምን?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከወልቂጤው ዝርዝር ውስጥ በሁለት ስም የተገኘ ሰው እዚሁ ተቀምጦ የለም? እሱ ምክንያት የለውም? ልጥራው?»

ሰልሚያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይበቃል!» ሀጀራ ጠረጴዛውን መታች። በዚያ ቤት ድምፅዋ ከፍ ሲል የተሰማው ያኔ ብቻ ነው። «አንድ ቃል አይጨምሩ። ይልቅ ይህን ይመልሱልኝ። ገጹ ላይ ምን እንደነበረ እዚህ ግቢ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። ማስተዋል የጻፈው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ራስጌው ላይ ቀኑ አለ። አስከሬኑ ሲገኝ ደግሞ ገጹ አልነበረም። ሊያነበው የሚችለው በዝናቡ ሰዓት ከማስተዋል ጋር የነበረ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ መቼ አነበቡት?»

አቶ ወልደአማኑኤል መነጽራቸውን መልሰው ሊያደርጉ ሲሉ ወደቀባቸው።

«መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር መጀመሪያ» አሉ በመጨረሻ። «ጻፍኩ፣ ጮህኩ፣ የሚሰማ የለም። ሪፖርቱ ግን በየወሩ ይጠየቃል፤ ባዶ አይላክም። ያን ወር በሐሳቤ ሞላሁት። ብዙዎቹ ደኅና ናቸው፤ ደኅና ብል ምን ይጎዳል አልኩ። ምስጋና ላኩልኝ። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።»

«ማስተዋልስ?»

«ጠርቶ አሳየኝ። አልሰደበኝም። 'ጋሼ፣ ዛሬውኑ ለሲስተር ንገሯት፤ ሰዎቹ እንደገና ይመርመሩ' አለኝ። የፈቲሀን ስም አነሣ። ቀኑን እንኳ አሳየኝ። ወደ ጠረጴዛው ሲዞር...» አልጨረሱትም።

ዘርፈሽዋል አልጮኸችም፤ አላለቀሰችምም። ቀስ ብላ ወደ እሳቸው ቀርባ ቆመች። «አያቷን ሰደብኳት» አለች። «በእርስዎ ወረቀት አምኜ፣ የልጅ ልጇ እየሞተችባት አሮጊቷን ሰደብኳት።» ከዚያ ወጥታ ሄደች።

ፖሊሶቹ አቶ ወልደአማኑኤልን ወሰዷቸው። ሀጀራ የተቀደደውን ገጽ በታሸገ ፖስታ ለዐቃቤ ሕጉ በእጇ አስረከበች፤ ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይም በጽሑፍ ጠየቀች። ሰልሚያ አስከሬን አይታ ዝም ማለቷን አልደበቀችላትም፤ ምክንያቱን ግን ከዐቃቤ ሕጉ በቀር ማንም አላነበበውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሳምንት ከግድያው ሳምንት የከፋ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ተፈልገው እንደገና ደም መስጠት አለባቸው። የቡታጅራዎቹን ዘርፈሽዋልና ኢስሀቅ በየስልካቸው ጠሩ፤ የወልቂጤዎቹን ስም ናጃህ ያዘ። ገሚሱ ስልኩን ዘጋ። አንዲት ሴት «ስሜን ማን ሰጣችሁ?» ብላ ጮኸች። ዘርፈሽዋል ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ነገረች፤ «ዋሽተናችኋል፤ ልናርመው ነው፤ የምትመጡት ለሕይወታችሁ ነው።» ቆሼ ላሉት ግን በስልክ አልነገረችም። ራሷ ሄዳ ከፈቲሀ አያት ጋር ግማሽ ቀን ተቀምጣ ተመለሰች። ምን እንደተባባሉ ለማንም አልተናገረችም።

በአራተኛው ቀን፣ ሠራተኞች ለምሳ ሲወጡ፣ ሰልሚያ የነርሷን ክፍል አንኳኳች። ገብታ በሩን ዘጋች፤ ቁጭ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ዘርፈሽዋል ትንሽ አየቻት፤ ክንዷን በገመድ አሰረችና ደም ቀዳች።

«ማን ብዬ ልጻፍ?»

«ሰልሚያ ብለሽ ጻፊ።»

ናሙናዎቹ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ውጤቱ ለመምጣት አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ አሥራ ሰባቱ ሞተዋል ወይም አድራሻቸው ጠፍቷል። ከተመረመሩት ውስጥ ሃያ ሦስቱ መድኃኒታቸው መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ሰልሚያ ከሃያ ሦስቱ አንዷ ነበረች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሀጀራ ስልክ ጠራ።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ነኝ» አለች ሰልሚያ። ከኋላዋ የመጋዘኑ ማቀዝቀዣ ይሰማል። «በደሜ ውስጥ አለ። ብዙ ነው።»

ሀጀራ ከወንበሯ ተነሣች። «ሲስተር ምን አለችሽ?»

«በጊዜው ነው የተገኘው አለች። አዲሱን መድኃኒት እሷው ጻፈችልኝ፤ ከመደርደሪያው ያወረድኩት ራሴ ነኝ። አልሐምዱ ሊላህ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቅድም እናቴ ጋ ሄጄ ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ትቻት ስወጣም እያለቀሰች ነበር። እኔም ፈርቻለሁ፣ በጣም። ግን የመጀመሪያዋን ፍሬ እፊቷ ነው የዋጥኩት፤ ውሃውን ያመጣችልኝ እሷ ነች።»